የጠገራ ብርና የገበያ ሰው አሳብ

ሰው ስለ መንግሥት ያለውን አሳብ የሚገልጥበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። መኳንንቱ በአደባባይ ቆመው ይሟገታሉ፤ ሊቃውንቱ ነገሩን በሰም ሸፍነው በቅኔ ይናገራሉ፤ አዝማሪው በመሰንቆ፣ እረኛው በዘፈን ያሰማሉ። ወደ ገበያ ወርዳ አሞሌ ጨው፣ በርበሬና አቡጀዲ የምትገዛው ሴት ግን አደባባይም ቅኔም የላትም። የእርስዋ አሳብ የሚታወቀው ቅቤዋን ሸጣ የተሰጣትን ገንዘብ ስትቀበል ወይም ገልብጣ አይታ ስትመልስ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያን የመንግሥት ታሪክ በዜና መዋዕልና በውል ወረቀት ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ነገር ሳያገኝ ይቀራል፤ የቀረው በገበያ ላይ ሲነገር ኖሯልና።

ገንዘብና የመንግሥት ነገር አብረው መያዛቸው ጥንታዊ ነው። ፈሪሳውያንና የሄሮድስ ወገኖች በግብር ነገር ጌታን ሊያጠምዱት በመጡ ጊዜ፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 እንደ ተነገረው፣ ዲናር እንዲያሳዩት አድርጎ መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ሊቃውንት በመልሱ ላይ ብዙ ተርጕመዋል፤ ነገር ግን ዲናሩ የቀረበው ከጠያቂዎቹ ወገን መሆኑ ደግሞ ሊታሰብ ይገባዋል። ከእነርሱ ውስጥ ቄሣርን በልቡ የሚጠላው ሳይቀር እንጀራውን የሚገዛው በቄሣር መልክ ነበር።

የአክሱም ነገሥታትም ይህን ምስጢር ሳያውቁት አልቀሩም። ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ገንዘብ አስቀረጹ። በዒዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት ቀርቶ መስቀል ገባበት። ወርቁ ባሕር ተሻግሮ ከሩቅ ነጋዴ ጋራ የሚገናኝ ስለ ሆነ በጽርእ ቋንቋ የንጉሡን ስምና ክብር ይናገራል። ድኻው በሚገበያይበት በመዳቡ ላይ ግን፣ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኘው ዘንድ የሚመኝ ቃል በጽርእ ተጽፎ ይገኛል፤ በኋላ ዘመን ከተቀረጹትም ለሕዝብ ደስታ ይሁን የሚል ትርጓሜ ያለው የግእዝ ጽሕፈት ያለባቸው አሉ። ንጉሡ በወርቁ ላይ ሲያውጅ በመዳቡ ላይ ስለ ምን ይለማመጣል ቢሉ፣ ወርቁን የሚቀበለው ነጋዴ ሚዛን አለው፤ በሚዛን ያልተወደደ ንጉሥም ቢሆን ወርቁ ወርቅ ነው። መዳቡን የሚቀበለው ገበያተኛ ግን ከእምነት በቀር የሚመዝንበት ነገር የለውም። ስለዚህ ከእርሱ ዘንድ ፈቃድ መለመን ያስፈልጋል።

የአክሱም ገንዘብ ከቀረ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ያለ ንጉሥ መልክ አለፉ። በዚያ ዘመን ገበያውን የያዘው ከአፋር ቈላ እየተቈረጠ በግመልና በአጋሰስ የሚወጣው አሞሌ ነበር። በዐፄ ልብነ ድንግል ጊዜ የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ ሲሰጥና ሲወሰድ አይቶ፣ ከሚቈረጥበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ጽፏል። በጐንደር ዘመን በመጻሕፍት ባዶ ገጽና ኅዳግ የተጻፉት የርስት ሽያጭ ውሎችም ዋጋውን በወቄት ወርቅና በጨው ሲቈጥሩ ይታያሉ። አሞሌ ችግር አያጣውም፤ ጠርዙ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ክረምት ሲገባ ይረጥባል፤ የመቶ ብር ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው የጨው ጭነት አስከትሎ ይሄዳል። ነገር ግን አንድ ትልቅ በጎነት ነበረው፤ በላዩ የማንም መልክ የለበትም። ንጉሥ ቢሞት፣ መንግሥት ቢለወጥ፣ አሞሌው ቢያንስ ቢያንስ ወጥ ያጣፍጣል።

ከዚህ በኋላ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል የማርያ ትሬዛ ብር ገባ። ማርያ ትሬዛ የኦስትርያ ንግሥት ስትሆን የሞተችው በፈረንጅ ቍጥር በ1780 ነው። ከሞተች በኋላ የተመታው ብር ሁሉ፣ መቶ ዓመት ቢያልፍም ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፍም፣ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት ይዞ ይወጣል፤ የምሥራቅና የአፍሪካ ገበያ ሌላውን ዓመት አልቀበል ብሏልና። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ጥሩ ብር ነው። የአገራችን ሰው ጠገራ ብር አለው። ሻጩ እንደ ዋዛ አይቀበለውም፤ በደረትዋ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዘጠኝ ሉሎች ይቈጥራል፤ የራስዋን ጌጥ ሉሎች ይመረምራል፤ ከትከሻዋ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ ጠርዙን በጣቱ ይዳብሳል። የተፋቀውን፣ የጠቈረውን፣ የተበሳውን ይመልሳል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ በዚህ ነገር ከፈረንጅ ባንክ ጸሓፊ የሚያንስ አልነበረም። በጠርዙ ላይ የተቀረጸው የላቲን ቃል ፍትሕና ምሕረት ማለት መሆኑን ያወቀ ግን ከሺህ አንድ አይገኝም።

ባዕድ ንግሥት፣ የሞተች ንግሥት፣ ሃይማኖትዋም ልዩ የሆነ ንግሥት በኢትዮጵያ ገበያ እንዴት ነገሠች? መልሱ በጥያቄው ውስጥ አለ። የሞተች ንግሥት ግብር አትጠይቅም፤ አትሻርም፤ አትማረክም፤ ብርዋን አቅጥና አታስመታም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት የመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ይህን ቀድሞ ተረድቶ ነበር። ከዙላ እስከ መቅደላ ለገብስ፣ ለሣር፣ ለበግና ለአጋሰስ ኪራይ የሚከፍለውን እጅግ ብዙ ጠገራ ብር አዘጋጅቶ መጣ፤ የራሱን ፓውንድ ግን በመንገዱ ላይ የሚቀበለው ሰው እንደማይኖር ያውቃል። ባለ አገሩ ገብሱን የሸጠው እንግሊዝን ወድዶ ነውን? አይደለም፤ ማርያ ትሬዛን አምኖ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ዳግማዊ ምኒልክ በራሳቸው መልክና ስም ብር አስቀረጹ። በፓሪስ የተመታው የመጀመሪያው ብር 1887 ዓመተ ምሕረት ተጽፎበታል፤ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ መልክ ዘውድ ደፍቶ፣ በሌላው ወገን አንበሳው ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ይታያል። ክብደቱ ከጠገራው ጋራ እኩል ነው ለማለት ይቻላል፤ ጥራቱም አያንስም። ከትልቁ ብር ጋራ አላድ፣ ሩብና ተሙን ተቀረጹ፤ ኋላም በአዲስ አበባ የገንዘብ መምቻ ተተክሎ ትንንሹ ገንዘብ በዚያ ይሠራ ጀመር። አሳቡ የሚመሰገን ነው። በራሱ አገር የባዕድ ንግሥት መልክ የሚገበያይ ንጉሥ ነጻነቱ ገና ሙሉ እንዳልሆነ ዐፄ ምኒልክ አስተውለዋል።

ጥቂት ቈይቶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። የዚህ ንጉሥ ስም በዓለም ሁሉ ተሰማ። የአውሮጳ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን እየላኩ ውል ተዋዋሉ። የገበያው ሰው ግን የዐድዋውን ንጉሥ ብር በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ አይቶ፣ ዘጠኝ ሉል ያላት ሴት አለችህን ብሎ ይጠይቅ ነበር። በአዲስ አበባና በሐረር አካባቢ የምኒልክ ብር ይሄዳል፤ ከዚያ ራቅ ሲሉ ግን የሚቀበለው እያነሰ፣ ከተቀበለውም ዋጋ የሚቀንስ እየበዛ ይሄዳል። ለመልሱ ያን ጊዜም አሞሌ ይሰጥ ነበር፤ በብዙ ስፍራም የውጅግራ ጥይት እንደ ፍራንክ ይቈጠር ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሕዝቡን አላዋቂ ብሎ ያልፋል። ይህ ፍርድ የችኰላ ፍርድ ነው። አቡጀዲ፣ ብርሌና መርፌ የሚያመጣው ነጋዴ ዕቃውን የሚገዛው በዓደንና በምጥዋ ነው፤ በዚያ የሚጠየቀውም ጠገራ ብር ነው። በምኒልክ ብር ሸጦ ወደ ባሕር ቢወርድ እንደ ብረት ቅራጭ በክብደት ይመዘንበታል። ስለዚህ ነጋዴው ከባላገሩ አይቀበልም፤ ነጋዴው ካልተቀበለው ባላገሩ ምን ሊያደርገው ይቀበላል? ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱበት ከ1860 ዓ.ም. ጀምሮ ዐፄ ምኒልክ እስከ ነገሡበት እስከ 1882 ዓ.ም. ድረስ፣ በ22 ዓመት ውስጥ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነግሠው ተማረኩ፤ ዐፄ ዮሐንስ ነግሠው በመተማ ወደቁ፤ ዐፄ ምኒልክ ተከተሉ። አንድ የአርባ ዓመት ነጋዴ አራት ነገሥታት አይቷል ማለት ነው። ለንጉሡ ይሰግዳል፤ ክተት ሲባል ስንቁን ይዞ ይዘምታል፤ በዐድዋም ሞቶላቸዋል፤ ብራቸውን ግን ገልብጦ ያያል። መውደድ ሌላ፣ ማመን ሌላ ነውና። ንጉሡን መውደድ የዛሬ ነገር ነው፤ ገንዘቡን መቀበል ግን ለነገ ዋስ መጥራት ነው። የገበያው ንግግር ሰምና ወርቅ አለው ቢባል፣ ዋጋው ሰሙ፣ መንግሥት ይጸናል ወይስ አይጸናም የሚለው ወርቁ ነበር።

በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክ ኋላ ያወጣው ወረቀት ከዚህም ያነሰ ዕድል አገኘ። ባንኩ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ እጅ ነበረ፤ ወረቀቱም ከከተማ ነጋዴና ከፈረንጅ እጅ እምብዛም አልወጣም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባንኩን ለመንግሥት አድርገው የኢትዮጵያ ባንክ ብለው ካቋቋሙት በኋላ ወረቀቱ በከተማ ጥቂት ተስፋፋ፤ ወደ ባላገር ሳይዘልቅ ጦርነት መጣ።

በዚያው ዘመን ገበያው ለፖለቲካ አሳብ እንደማይገዛ የሚያሳይ ሌላ ምልክት አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን አይተው ተመልሰው መጽሐፍ ጻፉ፤ የተማሩትም ወጣቶች ጃፓንን እንደ አብነት ያነሡ ነበር። የጃፓን አቡጀዲ ደግሞ የአሜሪካኑን ከገበያ እያስወጣ ነበር። አንዳንድ ሰው ሁለቱን ነገር አያይዞ ሕዝቡም ጃፓንን ወደደ ይላል። ገዢዋ ግን የጃፓንን ስም ሰምታም አታውቅ ይሆናል፤ በክንድ ስንት ነው ብላ ጠየቀች እንጂ።

ኢጣልያ የኢትዮጵያን ገበያ በብር ለመያዝ የሞከረችው በ1928 አይደለም፤ አስቀድማ በኤርትራ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። መጀመሪያ በፈረንጅ ቍጥር በ1891 የንጉሥ ኡምቤርቶ መልክ ያለበት ታለር አወጣች፤ አልሄደላትም። ሁለተኛ በ1918 የሴት መልክ ቀርጻ፣ ጠጕርዋንና ልብስዋን ማርያ ትሬዛን አስመስላ አወጣች። የምጥዋና የከረን ገበያተኛ ግን ሴቲቱን አንድ ጊዜ አይቶ አላውቃትም አለ። ሦስተኛው ዘዴ ማስመሰል ሳይሆን እውነተኛይቱን መያዝ ሆነ፤ በ1927 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የማርያ ትሬዛ ብር የሚመታበትን ማኅተም ከቪየና ወደ ሮማ አስመጣ። የዓደንና የቀይ ባሕር ነጋዴ ያለ ጠገራ መሥራት ስላልቻለ እንግሊዝም በበኩልዋ በሎንዶን ታስመታ ጀመር። እንዲህ ሆኖ የሞተችው ንግሥት በሁለት ተቀናቃኝ ከተሞች በአንድ ዘመን ትመታ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ ኢጣልያ ባንዳውንና ባላባቱን የሸነገለችው በዚሁ ብር ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባች በኋላ ግን ሌላ ፊት አሳየች፤ የሊሬ ወረቀት አመጣች፤ ጠገራውም በተወሰነ ዋጋ ለመንግሥት እንዲገባ አዘዘች። ገበያው ይህን መለዋወጥ አስተዋለ። ሊያሸንፍ ሲፈልግ ብር የሰጠ፣ ካሸነፈ በኋላ ወረቀት የሚሰጥ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ለማወቅ ትምህርት አያሻም። ጠገራ ብር በማሰሮ እየሆነ ወደ መሬት ገባ። ባላገሩ እህሉን፣ ዶሮውንና እንቍላሉን ወደ ከተማ ማውረዱን ቀነሰ፤ ካወረደውም በብር ካልሆነ አልሸጥም ይል ነበር። ሹማምንቱ የጠገራውን የሊሬ ዋጋ ደጋግመው ከፍ አደረጉ፤ በስውር የሚሸጥበት ዋጋ ግን ዘወትር ይቀድማቸው ነበር። ለምሥራቅ አፍሪካ ተብሎ ልዩ ምልክት ያለበት የሊሬ ወረቀትም ታተመ፤ የወረቀቱ ምልክት ተለወጠ እንጂ የገበያው አሳብ አልተለወጠም።

ይህ ነገር ምን ያህል የከበደ እንደ ነበር የሚታወቀው ሌላው አፍ ሁሉ ሲዘጋ ነው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ታረደ፤ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተፈጁ። ከዚያም ጋራ ግራዚያኒ አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እየያዙ እንዲገድሏቸው አዘዘ። በደላቸው ምንድር ነው ቢሉ፣ የኢጣልያ መንግሥት ብዙ አይቈይም ብለው በሕዝብ መካከል ማውራታቸው ነው። አዝማሪው በመሰንቆ ያለውንና የተገደለበትን ያንኑ ቃል፣ ቅቤ ሻጭዋ የሊሬውን ወረቀት በሁለት ጣትዋ ይዛ ስትመልስ ትናገረው ነበር። ወረቀቱን የሚቀበል ሰው ያተመው መንግሥት ነገም ከነገ ወዲያም አለ ብሎ ያመነ ነው፤ የሚመልሰውም አያመሽም ብሎ የፈረደ ነው። አዝማሪውን መስቀል ይቻላል፤ ቅቤዬን አልሸጥም ያለችን ሴት ሁሉ ግን ማን ይዘልቃታል?

ይሁን እንጂ ታሪክ ጸሓፊ በዚህ ስፍራ መጠንቀቅ አለበት። ሊሬን የመለሰ ሁሉ አርበኛ፣ ሊሬን የተቀበለ ሁሉ ባንዳ ነው ማለት ከእውነት የራቀ ነው። የመለሰው ሰው እኮ የዐፄ ምኒልክንም ብር መልሷል። ከመላሾቹ ብዙዎቹ ለአገር ፍቅር ሳይሆን ለማሰሮአቸው ያሰቡ ናቸው፤ አሳባቸው ከአርበኞች አሳብ ጋራ መግጠሙ ደግሞ እውነት ነው፤ ሁለቱም ኢጣልያ አትጸናም ብለዋልና። በሌላ ወገን መንገድ የሚቈፍረው የቀን ሠራተኛ፣ በፈረንጅ ቤት የሚያገለግለው አሽከር፣ በአዲስ አበባ እንጨት የምትሸጠው ሴት የሚከፈላቸው በሊሬ ብቻ ነበር። እነርሱ አልቀበልም ቢሉ ማታውን ጾም ያድራሉ። አሳብን በገንዘብ መግለጥ ለጥቂት ቀን የሚበላው ላለው ሰው የተሰጠ ነገር ነው፤ ጎተራ የሌለው ሰው ከዚህ ድርሻ የለውም።

ቅጣቱም በእነዚህ ላይ ወደቀ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ገበያው የገንዘብ ባቢሎን ሆኖ ነበር፤ ጠገራ ብር፣ የኢጣልያ ሊሬ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ፣ የህንድ ሩፒ፣ የግብጽ ፓውንድ በአንድ ቀን በአንድ ሱቅ ይታያሉ። እንግሊዞች ለሊሬው የወሰኑት ዋጋ 480 ሊሬ በአንድ ፓውንድ፣ ይኸውም 24 ሊሬ በአንድ ሽልንግ ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፓውንድ መቶ ሊሬ እንኳ አይሞላም ነበር። ማሰሮውን ከመሬት ያወጣው ባለጸጋ ብሩን እንደ ቀበረው አገኘው፤ አምስት ዓመት ድንጋይ የፈለጠው የቀን ሠራተኛ ግን ያጠራቀማት ጥቂት ወረቀት በእጁ ላይ ረገፈች።

መንግሥቱ ከዚህ ሁሉ ትምህርት ወሰደ። በ1937 ዓ.ም. የገንዘብ ዐዋጅ ወጥቶ ሐምሌ 16 ቀን አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል፣ የብሩ ወረቀት ብቻውን አልወጣም፤ አብሮት የ50 ሳንቲም የብር ገንዘብ ወጣ። ሁለቱ 50 ሳንቲም አንድ ብር ይሆናሉ። ብሩን የሰጠችው አሜሪካ ስትሆን በጦርነቱ ጊዜ ለወዳጆችዋ ታበድር በነበረበት ሥርዓት ነው። አሳቡ ግልጥ ነው፤ ወረቀቱን የማያምን ሰው ወደ ባንክ ሄዶ የሚጨበጥ ብር ያገኛል፤ የሚጨበጥ ብር እንደሚያገኝ ካወቀ ወረቀቱን ሊይዝ ይችላል። የአክሱም ንጉሥ በመዳብ ላይ የጻፈውን ልመና ይህ መንግሥት በብር ጻፈው ማለት ነው። ዘዴውም ሠራ፤ ግብሩና ደመወዙ በአዲሱ ገንዘብ ስለ ሆነ ወረቀቱ ቀስ በቀስ ወደ ባላገር ዘለቀ። ሆኖም ገበያተኛው የድሮ ልማዱን ወዲያው አልተወም፤ ወረቀቱን እየሰጠ 50 ሳንቲሙን ያስቀር ነበርና፣ የብር ሳንቲሙ ከዓመት ወደ ዓመት ከገበያ እየሳሳ ሄደ።

ጠገራውም በዐዋጅ ከገንዘብነት ወጣ። ከገበያ ወጥቶ ወደ አንጥረኛ ቤት ገባ፤ ብዙው ቀልጦ የአንገት መስቀልና አምባር ሆነ። ያልቀለጠውም በሙሽሮች አንገት ላይ በክር ተሰክቶ ይታያል፤ የአንገቱን ጌጥ ለመግዛት የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ሽማግሌይቱ ከሳጥን አውጥታ ስታሳየው አስቀድማ ሉሎቹን ትቈጥራለች።